ለምጽ፣ ቋቁቻና ሥጋ ደዌ አንድ አይደሉም



ዛሬ አብረን የምናነበው ቃል «ለምጽ» ነው። ሦስት ፊደል ነው፤ ለ፣ ም፣ ጽ። «ለምጥ» ብሎ የሚጠራውም ብዙ ሰው ነው፤ ያው ነው። ፊደሉ ቀላል ነው፤ ቃሉ ግን ከባድ ነው። ስንቱን ከትዳር አስቀርቷል፤ ስንቱን ከቡና ላይ አስነሥቷል። ስለዚህ ቃሉን ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን ማለትስ እንዳልሆነ እንይ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ የጤና ትምህርት ተምሬአለሁ፤ የቀረውን ከመጻሕፍትና ከሐኪሞች ነው ያገኘሁት። ስለዚህ መድኃኒት አላዝላችሁም። ወዴት መሄድ እንደሚሻል፣ ምን ከመቀባት መጠንቀቅ እንደሚገባ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የቆዳችን ቀለም ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። በቆዳችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ቀለም መሥራት ነው። የሚሠሩት ቀለም ሜላኒን ይባላል። የሚገርመው ነገር፣ ጥቁሩም ሰው ቀዩም ሰው ፈረንጁም የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሠሩት ቀለም መጠንና ዓይነት ነው። እንግዲህ ቀለም ሠሪዎቹ ከአንድ ቦታ ላይ ሲጠፉ ያ ቦታ እንደ ወተት ይነጣል። ለምጽ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ማን ነው ያጠፋቸው? ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀው የራሱ ዘበኛ አለው። ጀርም ሲገባ ተነሥቶ የሚዋጋ ኃይል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ይህ ዘበኛ ይሳሳታል። ሌባውን ትቶ የቤቱን ልጅ እንደሚነክስ ውሻ፣ የራሱን ቀለም ሠሪዎች ይነክሳል። ለምን በአንዱ ሰው ላይ ይነሣል፣ በሌላው ላይ አይነሣም? በከፊል በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለበት። ይሁንና ለምጽ ካለበት ሰው የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ለምጽ አይወጣባቸውም። ይህን ልጃቸውን ለመዳር የሚያስቡ አባትና እናት ልብ ብለው ያንብቡት።

ለምጽ በዓለም ሁሉ አለ። ከ100 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሚጀምራቸው። በነጭም በጥቁርም ሰው ላይ ይወጣል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ከሩቅ ስለሚታይ ነው የሚብሰን።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ለምጽ አይተላለፍም። በእጅ በመጨባበጥ አይተላለፍም። በአንድ መሶብ በመብላት፣ በአንድ ስኒ በመጠጣት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይተላለፍም። ባልና ሚስት ሃያ ዓመት አብረው ቢኖሩ አንዱ ለሌላው አይሰጠውም። ጀርም የለበትማ! ከየት ይምጣና ይተላለፍ?

ሰው ግን ምክንያት ፈላጊ ነው። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው የሚል አለ። የእርግማን ነው፣ የአባት ኃጢአት ነው የሚል አለ። የሌሊት ወፍም እርግማንም ቀለም ሠሪ ሕዋስ አያጠፉም። ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ ስሙ ራሱ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ለምጽ የሚል ቃል አለ፤ ሰውየው ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዟል። ይህን የሰማ ሰው ጎረቤቱ እጅ ላይ ነጭ ሲያይ ያንኑ ያስባል። ነገር ግን እናንተ አሁን ማንበብ ችላችኋል፤ ገልጣችሁ ተመልከቱ። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ስለ ልብስ ለምጽ፣ በምዕራፍ 14 ደግሞ ስለ ቤት ግድግዳ ለምጽ ይናገራል። ልብስና ግድግዳ ቀለም ሠሪ ሕዋስ የላቸውም። እንግዲያውስ የጥንቱ ቃል ብዙ ዓይነት ነገር በአንድ ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ሐኪም ለምጽ የሚለው አንዱን ብቻ ነው።

ወደ ሥጋ ደዌ ልምጣ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሁለቱን በማደባለቅ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሥጋ ደዌ የሚመጣው በጀርም ነው። ጀርሙን ያገኘው ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1873 ነበር። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አጠገብ ያለው የምርምር ተቋም የተሰየመው በዚሁ ሰው ስም ነው። የሥጋ ደዌ ጀርም ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ ቦታው ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ ፍም ቢይዝ አያውቅም፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢረግጥ አይሰማውም። ጣት የሚጠፋው ከዚያ በሚከተለው ቁስል ነው። ሥጋ ደዌ ግን ይድናል። ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወር ወይም ለ12 ወር ይወሰዳሉ። በነፃ ነው የሚሰጡት። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ በሽታውን ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ሰው «ቁምጥና» እያለ የሚሰድብበት ይህ በሽታ እንግዲህ በኪኒን የሚድን ነው። ስድቡን ብንተወው ምን ይጎድልብናል?

ሁለቱን ለመለየት መነሻ የሚሆን ነገር ላሳያችሁ። እማማ ከሚፈትሉት ጥጥ ጥቂት ንቀሉና ጫፉን በጣት አሹሉት። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። መጀመሪያ ጤነኛውን ቆዳ በጥጡ ጫፍ ንኩት፤ «የነካሁህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» በሉት። ቀጥሎ የነጣውን ቦታ ንኩ። ደገም አድርጉት፤ አንዳንዴም ሳትነኩ «ነካሁህ ወይ?» በሉ። በለምጽ ላይ ሰውየው እንደ ጤነኛው ቆዳ ሁሉ ይሰማዋል። በሥጋ ደዌ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታው ደንዝዟል። ቀለሙም ይለያል። ለምጽ ጥርት ያለ ነጭ ነው፤ የሥጋ ደዌው ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ነው እንጂ ወተት አይመስልም። በመርፌ ወይም በእሳት መሞከር ክልክል ነው፤ ቁስል ታመጣላችሁ።

ይህ የጥጥ ነገር ፍርድ አይደለም። ፊት ላይ የወጣ ሥጋ ደዌ ስሜቱ ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጥጡ ተሰማውም አልተሰማውም፣ አዲስ የነጣ ወይም የፈዘዘ ቦታ ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የደነዘዘ ከሆነ ግን ዛሬ ነገ ሳይል ይሂድ። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዲስ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ይገኛሉ። «ለምጽ ነው፤ ምንም አይል» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ጣቱን ያጣል። «ሥጋ ደዌ ነው» ተብሎ የተገለለ ለምጽ ያለበት ሰው ደግሞ ጎረቤቱን ያጣል። ስም ማደባለቅ በሁለቱም በኩል ይጎዳል።

ቋቁቻስ? ቋቁቻ ሌላ ነው። በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር አንድ ዓይነት ፈንገስ አለ። ሙቀትና ላብ ሲያገኝ ይበዛና በደረት፣ በጀርባ፣ በአንገት ላይ ነጣ ያሉ ወይም ቡናማ ነጠብጣቦች ያወጣል። ቀስ ተብሎ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በፈንገስ ቅባት ወይም በሚታጠቡበት የፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ቀለሙ ለመመለስ ግን ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት። ሞቃት አገር ያለ ሰው ላይ ተመልሶም ሊመጣ ይችላል። በልጆች ጉንጭ ላይ የሚታየው ደረቅና ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ነው። ቫዝሊን ይበቃዋል።

አሁን ስለ ለምጽ ሕክምና። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ለምጽን ከሥሩ ነቅሎ ዳግም እንዳይመለስ የሚያደርግ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። «በአንድ ሳምንት አጠፋልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚያጠፋው። ነገር ግን ሕክምና የለውም ማለት አይደለም። እንዳይስፋፋ ሊደረግ ይችላል፤ ቀለምም ብዙ ጊዜ በከፊል፣ አንዳንዴም በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ፊት ላይ ያለው በተሻለ ይመለሳል። ጣት ጫፍና እግር ላይ ያለው እምቢተኛ ነው።

ቀለሙ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ? በፀጉር ሥር በኩል ነው። በፀጉር ሥር የተደበቁ ቀለም ሠሪዎች ይተርፋሉ። ሕክምና ሲያገኙ ከዚያ ወጥተው በነጩ መካከል ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይሠራሉ፤ ልክ በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ ነጥብ እንደማድረግ ያለ ነው። ነጥቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። ስለዚህ ነጥብ ስታዩ ሌላ በሽታ መጣ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ የምሥራች ነው። በነጩ ቦታ ላይ ያለው ፀጉርም ከነጣ ግን የተረፈ ቀለም ሠሪ ጥቂት ነው፤ ቀለም መመለሱ ይከብዳል።

ሐኪም የሚያዘው አንዱ ነገር ቅባት ነው። ስቴሮይድ የሚባሉ ቅባቶች አሉ፤ ቤታሜታሶን አንዱ ነው። የተሳሳተውን ዘበኛ ያረጋጋሉ። እነዚህ ቅባቶች ግን ሁለት ስለት ያለው ቢላ ናቸው። ሐኪም ካዘዘው ጊዜ በላይ ከተቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ከሥሩ ያለው ደም ሥር ይታያል፤ ቆዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ይሸነተራል። ዓይን አካባቢ ከተቀቡም ዓይንን ሊጎዱ ይችላሉ። ለፊት ታክሮሊመስ የሚባል ሌላ ቅባት ያለ ሲሆን እርሱ ቆዳ አያሳሳም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ቅባት ለለምጽ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ሁለተኛው ሕክምና ብርሃን ነው። ይህ ታሪኩ ከእኛው ዓባይ ጋር ይያያዛል። በግብፅ በዓባይ ሸለቆ የሚበቅል አንድ ተክል አለ። የዚያ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የተክሉን ፍሬ ፈጭተው ለለምጽ ይጠቀሙበትና ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኤል ሞፍቲ የሚባሉ የካይሮ ሐኪም ከተክሉ የወጣውን ንጥረ ነገር በሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ። የዛሬው የብርሃን ሕክምና ከዚያ በኋላ እየተሻሻለ የመጣ ነው፤ አሁን በብዛት የሚሠራበት ተክሉን ሳይጨምር ከልዩ መብራት በሚወጣ የተመረጠ ጨረር ብቻ ነው። ይህን ሰምታችሁ ቅጠል ጨምቃችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጡ! መጠኑ ያልታወቀ እንደሆነ ቆዳው ተቃጥሎ ይቆስላል።

የብርሃኑ ሕክምና በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ይሠራ አይሠራ ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጃል። ታዲያ ከከተማ ሁለት ቀን መንገድ የሚርቅ ገበሬ እርሻውን ጥሎ ይህን ያህል ጊዜ ሊመላለስ ይችላልን? ለብዙው ሰው አይቻልም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ስታገኙ ኑሮአችሁን ሳትደብቁ ንገሩት። «በሳምንት ሦስቴ መምጣት አልችልም፤ በቤቴ ሆኜ የምቀባው ስጡኝ» ማለት ነውር አይደለም። ከነጭራሹ አልታከምም ማለትም ይቻላል። ለምጽ አያምም፣ አያዳክምም፣ አይገድልም። እጃቸው ላይ ያለውን በእንሶስላ ሸፍነው ሥራቸውን የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ እንሶስላ አያድንም፣ ግን አይጎዳም። ጠበል መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ የሐኪሙን ቅባት ግን በዚያ ምክንያት አይተው።

የሚጎዳው ሌላ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ቆዳን ያቃጥላል። የቁልቋል ወተት መቀባት ያቆስላል፤ ዓይን ከገባ ያሳውራል። ሌላም ክፋት አለው፤ ለምጽ ቁስልና ፍትጊያ ባለበት ቦታ አዲስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነጩን አጠፋለሁ ብሎ ማቁሰል ነጩን ማስፋት ሊሆን ይችላል። ጠባብ መቀነት፣ እግርን የሚፈትግ የጫማ ማሰሪያም እንዲሁ ነው። በየሱቁ የሚሸጡ የፊት ማቅያ ቅባቶችን ደግሞ አትመኑ። ከውስጣቸው ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸውም አሉ።

ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤት ቅባት ስሙ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ሻጩን «እባክህ ስሙንና የት እንደምቀባው፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ በአማርኛ ጻፍልኝ» በሉት። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ቁጥሩን ግን አሁንም ታውቃላችሁ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ያለፈበትን ዓመት ፈልጉ። የፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል።

ለምጽ ያለበት ሰው ከሁሉ በላይ ፀሐይን ይጠንቀቅ። ሜላኒን የቆዳ ጥላ ነው፤ የነጣው ቦታ ጥላ የለውም። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ይጠነክራል። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይጠቅማል። ደጋ ነኝና ብርድ ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ በደጋው ብርድ ውስጥም ፀሐዩ ያቃጥላል። ሌላው፣ ይኸው የተሳሳተ ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ በአንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢም ይነካል። ያለ ምክንያት ድካም የበዛበት፣ የከሳ ወይም የወፈረ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ብዙዎቻችሁ ማይክል ጃክሰንን በዘፈኑ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአገራችን ለደረሰው ረሃብ ርዳታ ማሰባሰቢያ የሆነውን ዘፈን ከሌላ ድምፃዊ ጋር የደረሰው እርሱ ነው። ቆዳው ሲነጣ «ፈረንጅ ልሁን ብሎ ነው» ተብሎ ተሳቀበት። እ.ኤ.አ. በ1993 የቆዳ ቀለም የሚያጠፋ በሽታ እንዳለበት በቴሌቪዥን ተናገረ፤ ብዙው ሰው አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረና ለምጽ እንደነበረበት ተረጋገጠ።

በማስተምርበት ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች፤ በሁለቱ እጆቿ ላይ ለምጽ ወጣባት። አንድ ቀን የዴስክ ጓደኛዋ እናት መጡና «መምህር፣ ልጄን ከዚህች ልጅ አጠገብ አንሡልኝ» አሉ። እኔ አላነሣኋትም። እናትየዋን ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር አገናኘኋቸው። ነርሷም የልጅቱን እጅ በእጇ ይዛ አስረዳቻቸው። ብዙ ነገር አልተናገረችም፤ እጇን ይዛ ማየታቸው ነው የጠቀመው ብዬ አስባለሁ። ሁለቱ ልጆች እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብረው ተቀመጡ። ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን በፊት ለብዙ ሳምንታት እጇን ለመልስ አውጥታ አታውቅም ነበር፤ የሚያውቁትን እንኳ ዝም ማለት ለልጅ ከባድ ነው።

በአካባቢያችሁ ነጭ ቦታ የወጣበት ሰው ካለ መጀመሪያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ፤ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካስፈለገ ወደ ቆዳ ሐኪም ይጽፉላችኋል። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ የተመሠረተ ማዕከል ነው፤ ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል። ከመሄዳችሁ በፊት በደብተራችሁ ላይ እነዚህን መስመሮች በራሳችሁ እጅ ጻፉና ከፊታቸው መልሱን ሙሉ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ነጩን መጀመሪያ ያየሁት በ... ወር ነው።
መጀመሪያ የወጣው... ላይ ነው።
ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል ወይስ እንዳለ ነው?
በጥጥ ሲነካ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም?
እስካሁን የቀባሁት... ነው።
ከቤተሰቤ እንዲህ ያለበት ሰው አለ ወይስ የለም?

መጻፍ ገና የሚከብዳችሁ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስጽፉ፤ ንባቡን ግን ራሳችሁ አንብቡት።